ዕቃው ለመስፈሪያው ምስክር ይሆናልን?

በአርባ ምንጭ ከተማ ካሉት የነዳጅ ማደያዎች በአንዱ እንዲህ ያለ ክርክር ተነሣ እንበል፤ ነገሩ በየከተማው የሚሰማ ስለ ሆነ ለምሳሌ ለመያዝ አያስቸግርም። አንድ ሾፌር የመሥሪያ ቤቱን ላንድክሩዘር ይዞ፥ በረጅም ሰልፍ ቆይቶ፥ ተራው ይደርሰዋል። የናፍጣው መርፌ ከባዶው ምልክት በታች ወርዷል፤ መኪናውም በመንገድ ሊቆም ጥቂት ቀርቶታል። ቀጂዪቱ ቧንቧውን አስገብታ ትቀዳለች። ቧንቧው በራሱ ጊዜ ሲዘጋ ሾፌሩ «ጨምሪበት» ይላል፤ ትጨምራለች። ዳግመኛ ሲዘጋ «ጨምሪ እንጂ፥ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሙላ» ይላል። ናፍጣው ከአንገቱ ደርሶ በዐይን ሲታይ ቆጣሪው 94 ሊትር ያሳያል።

ሾፌሩም የመኪናውን መጽሐፍ ያወጣል። ሰልባትዮው፥ ማለት የነዳጁ ማጠራቀሚያ፥ 90 ሊትር እንዲይዝ የተጻፈበትን ገጽ ገልጦ በሰልፉ ፊት ያሳያል። «ዘጠና በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ዘጠና አራት እንደ ምን ገባ? አራቱን ሊትር ሰርቃችሁኛል!» ብሎ ይጮኻል። ልጅቱም «ጋሼ፥ እኔ የቀዳሁት ቆጣሪው የቆጠረውን ነው» ትላለች፤ እርሱ ግን አይሰማትም። ከሰልፉ እኵሌታው «እውነቱን ነው፥ ሁሌም እንዲሁ ናቸው» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ቆጣሪውንና ልጅቱን በፎቶግራፍ ያነሣል። የማደያው ኀላፊ ጠብ እንዳይበረታ ሲል የአራቱን ሊትር ዋጋ ለሾፌሩ ይመልስለታል፤ የመለሰውንም በወሩ መጨረሻ ከልጅቱ ደመወዝ ይቆርጠዋል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ የተናገረው ቍጥር አለ፤ ቆጣሪው የተናገረው ቍጥር አለ፤ ሁለቱ አልተስማሙም፤ ስለዚህ አንዱ ዋሽቷል፤ የዋሸውም በገንዘቡ የሚጠቀመው ወገን ነው። ብዙ ሰው የሚፈርደው በዚህ መንገድ ነው። የመስፈሪያ ነገር በሃይማኖት ዘንድ ከባድ ስለ ሆነም፥ እንዲህ አድርጎ መፍረድ የጽድቅ ቅንዓት ይመስላል። ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ፥ በአንድ ቤትም ትልቅና ትንሽ መስፈሪያ ማኖርን ይከለክላል። ነቢዩ አሞጽም በ8ኛው ምዕራፍ መስፈሪያውን እያሳነሱ ዋጋውን የሚያበዙትን ይገሥጻል። ነገር ግን ይኸው ኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ ስለ ሐሰተኛ ምስክር ሲናገር፥ በወንድሙ ላይ ሊያመጣው ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲመለስ ያዝዛል። እንግዲህ ቆጣሪውን ያሳነሰ ሰው ወንጀለኛ ከሆነ፥ ያላሳነሰችውን አሳንሳለች ብሎ በአደባባይ የጮኸም ከባድ ነገር በራሱ ላይ ጭኗል። ከሁለቱ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቀድሞ ሰልባትዮ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ሰልባትዮ ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ተበጅቶ፥ ከመኪናው ሆድ በታች ባለው ጠባብ ስፍራ እንዲገጥም የተጣመመ ዕቃ ነው። ሠሪው የሠራው ነዳጅ እንዲያጠራቅም እንጂ ነዳጅ እንዲሰፍር አይደለም። በመጽሐፉ ላይ የሚጽፈውም ቍጥር እስከ አፉ ቢሞላ የሚይዘውን ሳይሆን፥ እንዲሞላ የፈቀደውን ነው። ከዚያ በላይ አውቆ የተወው ባዶ ስፍራ አለ። የተወበትም ምክንያት ነዳጅ ሲሞቅ የሚያብጥ፥ ሲቀዘቅዝ የሚኰማተር ነገር ስለ ሆነ ነው። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ከሺህ አንድ እጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይሰፋል፤ ናፍጣ ከዚያ በጥቂቱ ያንሳል። ከምድር በታች ካለው ማጠራቀሚያ ቀዝቅዞ የተቀዳ 90 ሊትር ናፍጣ፥ በፀሓይ በቆመ መኪና ውስጥ 15 ዲግሪ ቢሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ያብጣል። ስፍራ ያላገኘ እንደ ሆነ በክዳኑና በመተንፈሻው በኩል ይወጣል እንጂ እንደ ታመቀ አይቀመጥም።

ይህን ለማየት የአርባ ምንጭ አገር እጅግ የተመቸ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች፥ ሙቀት የጸናባት አገር ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው፥ 37 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነ ብርድ ይደርሳል። ጨንቻ አስቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ናት። መኪናው ፊቱን ወደ ዳገቱ ባቀና ጊዜ በሰልባትዮው ያለው ነዳጅ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ከፍታው በጨመረ መጠን የውጪው አየር ክብደት ይቀንሳልና፥ በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ትነት ይሰፋል። እስከ አንገቱ ሞልቶ የወጣ መኪና በዶርዜ መዞሪያዎች ላይ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት የሚያስደንቅ አይደለም። በአዳዲሶቹ የቤንዚን መኪናዎችማ ትነቱን የሚይዝ ከሰል የተሞላ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከመጠን በላይ በሞላ ጊዜ ፈሳሹ ቤንዚን ወደዚያ ገብቶ ከሰሉን ያበላሸዋል።

በዚህ ላይ ከክዳኑ እስከ ሰልባትዮው የሚወርደው ቧንቧ አለ፤ እርሱም እንደ ርዝመቱና እንደ ውፍረቱ የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ በመጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ቍጥር ግን አይታሰብም። ስለዚህ 90 በተጻፈበት ዕቃ፥ ባዶ ሊሆን በተቃረበ ጊዜ፥ እስከ አፉ 94 ሊትር መግባቱ ተአምርም አይደለም፥ ስርቆትም አይደለም። 70 ሊትር በተጻፈለት ሚኒባስም ሆነ 8 ሊትር በሚይዘው ባጃጅ እንደየመጠኑ ይኸው ይሆናል።

ሾፌሩ «ከአፍ እስከ ገደፉ» ያለው አነጋገር እዚህ ላይ ጥቂት ያስቆማል። ገደፍ የዕቃ ከንፈር ነው፤ ገደፈ ግን ጾሙን አፈረሰ ማለት ነው፤ በጽሕፈትም ፊደል የዘለለ ጸሓፊ ገደፈ ይባላል። የቅኔ ተማሪ ይህን ባገኘ ጊዜ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ብዙ አይደክምም።

ሾፌሩ የታመነባቸው ምስክሮች ሦስት ናቸው። የመጽሐፉ ቍጥር አንድ ነው፤ ስለ እርሱ ተነገረ። ሁለተኛው በዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ነው። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ነገር ነው፤ ተንሳፋፊውም ከጣሪያው ከደረሰ በኋላ ነዳጁ ቢጨምር አይናገርም፤ ከታች ከወረደ በኋላም የቀረውን አይናገርም። መርፌው ባዶ ያለው ሰልባትዮ ሊትሮች ሊቀሩት ይችላሉ፤ ሠሪውም ሾፌር በበረሃ እንዳይቀር አውቆ እንዲህ አድርጎታል። ዳገት ላይ ደግሞ መርፌው ሌላ ይናገራል፥ ሜዳ ላይ ሌላ። ሦስተኛው ምስክር በራሱ የሚዘጋው ቧንቧ ነው። በቧንቧው ጫፍ አጠገብ አየር የሚስብ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ነዳጁ ወደ ላይ ደርሶ ቀዳዳውን በከደነው ጊዜ አየሩ ይቋረጣል፤ የመምጠጡ ኀይል በእጀታው ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ይስበዋል፥ መዝጊያውም ይለቀቃል። ቧንቧው የሚያውቀው ነዳጅ ከአፍንጫው መድረሱን ብቻ ነው፤ ዕቃው ስንት እንደሚይዝ አያውቅም። በተለይ ናፍጣ አረፋ ስለሚያወጣ፥ በፍጥነት ሲቀዳ አረፋው ቀዳዳውን ከድኖ ያለጊዜው ሊያዘጋው ይችላል። ስለዚህ አረፋው እስኪተኛ ጥቂት ቆይቶ በቀስታ መጨመር ስግብግብነት እንዳልሆነ ለሾፌሩ ሊፈረድለት ይገባል።

ሕጉ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች እንዲጸና ያዝዛል። እነሆ ሦስት ምስክሮች አሉ፤ ከሦስቱ ግን ስፍሩን ያየ አንድም የለም።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ቆጣሪው ንጹሕ ነው ማለት ነዋ» ብሎ ቢደመድም ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሰልባትዮው ቆጣሪውን ሊከስሰው ካልቻለ ነጻ ሊያወጣውም አይችልም። የቆጣሪ ዳኛ ሌላ ነው፤ ይኸውም ልኩ በመንግሥት ተረጋግጦ የታተመበት፥ ብዙ ጊዜ 20 ሊትር የሚይዝ፥ አንገቱ ቀጭንና መሥመር የተሠመረበት የመፈተኛ ዕቃ ነው። ተቆጣጣሪው ከማደያው ቆጣሪ 20 ሊትር ቀድቶበት ፈሳሹ ከየትኛው መሥመር እንደ ደረሰ ያነባል። ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ለነዳጅ ቆጣሪ የሚፈቅደው ስሕተት ከመቶ ግማሽ እጅ ነው፤ በ20 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ይኸውም ከአንድ የቡና ስኒ ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንገቱ ቀጭን የሆነበት ምክንያት ጥቂቱ ጉድለት በዐይን ጎልቶ እንዲታይ ነው። የሰልባትዮ አንገት ግን ከማንም ጋር አልተማከረም።

ከዚህ የሚከተለውን ሾፌሮች ቢያስቡት ይበጃቸዋል። ሌባ ቆጣሪ ከመቶ ሁለት እጅ ይሰርቃል እንበል። በ94 ሊትር ላይ የተሰረቀው ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሰልባትዮው ያልታወቀ ስፍራ ግን አራትም አምስትም ሊትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌባው በዚያ ባልታወቀ ስፍራ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ ሾፌሩ ከሩብ ጀምሮ እየሞላ ዓመት ሙሉ ቢሰረቅ አንድ ቀንም አይጮኽም። የሚጮኸው ሰልባትዮው ባዶ ሊሆን ቀርቦ እስከ ገደፉ በተሞላ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ቆጣሪው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ቍጥሩ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ዕቃውን ዳኛ ያደረገ ሰው ሌባውን ይለቅቃል፥ ንጹሐንን ይይዛል። በሌላ ስፍራ ሰርቆ በዚህ ስፍራ የተያዘ ሌባ ያለ መስሎት ነገሩን በእጅ አዙር ፍትሕ ነው የሚል ቢኖር፥ የልጅቱ ደመወዝ የተቆረጠው በዚህ ስፍራ ነው።

ሌባ ሳይኖር ጉድለት መኖሩም የታወቀ ነው። ለኢትዮጵያ የሚመጣው ነዳጅ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። በወደቡ ሙቀት 45,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ ወደ ደጋው ወጥቶ ናፍጣው 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፥ አንድ ጠብታ ሳይፈስስና ሳይሰረቅ 370 ሊትር ያህል ጎድሎ ይገኛል። በዓለም የነዳጅ ንግድ ሊትሩ ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ ሙቀት እየተመለሰ የሚሰላው ስለዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ባለንብረት የቦቴውን ሾፌር ሌባ ብሎ ቢያባርረው፥ ያባረረው ስለ አየሩ ጠባይ ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዓመቱ በ365 ቀን ብቻ እንደማያልቅ አውቀው ሩቡን ዕለት ሳይጥሉ ይዘው፥ በአራተኛው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ያደርጋሉ። ትርፍ ሲገኝ ወንጀለኛ አይፈልጉም፥ ሒሳቡን ያሰፋሉ እንጂ።

በጋሞ ምድር ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለ። በዚያ ክርክር ሲቀርብ ከሳሹም ተከሳሹም ይሰማል፤ ሐሰትን ተናግሮ መሄድም ጎሜ፥ ማለት በሰውና በምድር ላይ መከራ የሚያመጣ ነውር፥ ተብሎ ይፈራል። ከማደያው ሰልፍ መካከል በዱቡሻ ተቀምጦ ያደገ ሽማግሌ ቢኖር ኖሮ «ልጄ፥ ዕቃህ ስንት እንደሚይዝ ከዚህ ቀደም ሰፍረኸው ታውቃለህን?» ብሎ በጠየቀው ነበር። ሰልፍ ግን ዱቡሻ አይደለም፤ የቸኰለና የተበሳጨ ሰው የተሰበሰበበት ስፍራ ነው፤ አስቀድሞ የሚያምነውንም ለመስማት የተዘጋጀ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ክሱ ነው። ስለ «ጨምሪበት» ግን ገና አልተነገረም፤ የነገሩም ጥልቀት በዚያ በኩል ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ መጨረሻ አጠገብ ስለ እውነተኛ ሚዛንና ስለ እውነተኛ መስፈሪያ ያዝዛል። ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ አጠገብ ግን ሌላ ትእዛዝ አለ፤ ይኸውም አዝመራውን የሚሰበስብ ሰው የእርሻውን ዳር ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፥ የወደቀውን ቃርሚያም እንዳይለቅም፥ ለድኻና ለስደተኛ እንዲተወው ነው። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ ምዕራፍ መገኘታቸው በከንቱ አይመስልም። ለሚሰጠው ሰው ስፍሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እንዲሞላ ታዘዘ፤ ለሚወስደው ሰው ዳሩን እንዲተው ታዘዘ። በሉቃስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ የተጠቀጠቀና የተትረፈረፈ መስፈሪያ የተመሰገነውም በሚሰጥ ሰው እጅ ነው። በጨንቻ ገበያ ገብስ የምትሸጥ እናት ስፍሩን ከጨረሰች በኋላ በእፍኟ የምትጨምረውን ሰው ምራቂ ይለዋል፤ መረቀ ማለት ባረከም ጨመረም ነው። ምራቂውን ገዢው በራሱ እጅ ዘግኖ ቢወስደው ግን በገበያው ሌላ ስም አለው።

ሾፌሩ እዚህ ላይ የሚመልሰው መልስ አለው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። «የጨመርሁትን ከፍዬበታለሁ፤ በስልኬ የከፈልሁት ገንዘብ ይመሰክራል፤ የማንንስ ወሰድሁ?» ይላል። ነዳጅ እንደ ውሃ በሚፈስስበት ዘመን ይህ መልስ በቂ ነው። ባልሞላበት ዘመን ግን አይበቃም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድጎማው እየተቀነሰ ለተለዩ የሕዝብ ማመላለሻዎች እንዲቀር ከተጀመረ ወዲህ፥ በ2015 ዓ.ም. ክፍያው በስልክ እንዲሆን ከታዘዘ በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም. ስለ ነዳጅ ግብይት አዋጅ በወጣ ጊዜም ሰልፉ ከከተሞቻችን አልጠፋም። ሰልፍ ባለበት ቀን ነዳጁን የሚለካው ከምድር በታች ያለው ማጠራቀሚያ ነው፤ ከእርሱ የወጣው ሁሉ ከኋላ ካለው ሰው ፊት የወጣ ነው። አሥር ላንድክሩዘሮች ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ አራት አራት ሊትር ቢያስጨምሩ 40 ሊትር ነው፤ ይኸውም የአምስት ባጃጆች ሙሉ ሰልባትዮ ነው። አምስቱ ባለባጃጆች የዕለት እንጀራቸውን ሳይሠሩ ያድራሉ፤ አሥሩ ላንድክሩዘሮች ግን አራቱ ሊትር ባይጨመርላቸው ኖሮ የትም አይቀሩም ነበር።

ሌላም መከራከሪያ ይመጣል፤ አሥሩ ደናግል። አምስቱ ልባሞች ከመብራታቸው ሌላ በማሰሮ ዘይት ይዘው በመገኘታቸው ተመሰገኑ፤ ለሰነፎቹም አላካፈሉም። ወደ ኮንሶና ከዚያ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሾፌር ነዳጅ ይኑር አይኑር በማያውቅበት መንገድ ላይ ነውና አጥብቆ ቢሞላ ልባም አይባልምን? ወላድ ጭኖ ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የአምቡላንስ ሾፌርስ? በበርሜልና በጀሪካን መቅዳት ከተገደበ ወዲህ ያለው ማሰሮ ሰልባትዮው ብቻ አይደለምን? ይህ እውነት ነው፥ የሚናቅም አይደለም። ለእንደነዚህ ያሉት ሰልፉ ራሱ መንገድ መልቀቅ ይገባዋል። ነገር ግን በምሳሌው ልባሞቹ ሰነፎቹን ወደ ሻጮች ሰደዱአቸው፤ የሚሸጥ ዘይት ገና ነበረና። እኵለ ሌሊት ሳይደርስ ገዝተው ነበር እንጂ፥ ከሌላው ማሰሮ አልጨመሩም። በካልዕ ነገሥት 4ኛ ምዕራፍ የነቢዩ ኤልሳዕን ቃል ሰምታ ዕቃ ሁሉ እስኪያልቅ የሞላችው መበለትም ከጎረቤት የተዋሰችው ባዶ ዕቃ ነው፤ በሞላች ጊዜ የማንም ጎረቤት ማድጋ አልጎደለም። ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ተነሥቶ ሼቻ ለሚያድር መኪና እነዚህን ምሳሌዎች መጥቀስ ግን መጻሕፍትን ያለ ቦታቸው ማስገባት ነው።

የአባያ ሐይቅ ሲሞላ ትርፉ ዝቅ ወዳለው ወደ ጫሞ ይወርዳል፤ ትርፉ ጎረቤቱን ይመግባል። ከሰልባትዮ አንገት የተረፈው ናፍጣ የሚወርደው ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ አቧራ ላይ ነው። ባለባጃጁም አላገኘው፥ ሾፌሩም አልነዳበት።

የቀረው የልጅቱ ነገር ነው። ሾፌሩ ከቀናት በኋላ አንድ መካኒክ ወዳጁን አግኝቶ ነገሩን ሲያጫውተው፥ መካኒኩ ስቆ ስለ ሰልባትዮው አንገትና ስለ ባዶው ስፍራ ነገረው እንበል። ተቆጣጣሪም መጥቶ ቆጣሪውን በ20 ሊትሩ ዕቃ ፈትኖ ከተፈቀደው ልክ ሳይወጣ አገኘው እንበል። እንግዲህ ሾፌሩ ምን ይከፍላል? ገንዘቡ ቀላል ነው፤ የአራቱን ሊትር ዋጋ ይመልስ፤ የሚመልሰውም ለማደያው አይደለም፥ ከደመወዟ ተቆርጧልና ለእርሷ ነው። ስሟ ግን በሊትር አይለካም። በሰልፉ ፊት ሌባ ተብላለች፤ ፎቶግራፏም ከስልክ ወደ ስልክ ሄዷል። ያን ዕለት የሰማው ሰልፍ ተበትኗል፤ ዛሬ መጥቶ ቢናገር የሚሰማው ሌላ ሰልፍ ነው። ስለዚህ «ገንዘቡን በስውር ይስጣትና ይብቃ» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ይህ ምክር ግን ለሾፌሩ እንጂ ለልጅቱ የተመቸ አይደለም። ሰልፉ ይለዋወጥ እንጂ ከአንድ አገር ሰው የሚሰለፍ ነው፤ በእርሻ ሙዝ የሚጭነውም፥ ወደ ጨንቻ የሚወጣውም፥ ከኮንሶ የሚመጣውም በየሳምንቱ በዚያው ይቆማል፤ ወሬው ከእነርሱ ዘንድ ነው። ልጅቱ ደግሞ በዚያው ስፍራ፥ ያንኑ ቧንቧ ይዛ ትቆማለች።

ስለዚህ የንስሓ አባቱ በዚያው ቀን፥ በዚያው ሰዓት፥ ሰልፉ ረጅም በሆነ ጊዜ ሄዶ፥ ያን የመኪና መጽሐፍ በዚያው ገጽ ገልጦ፥ «ቍጥሩን አንብቤ ነበር፥ አላወቅሁትም ነበር፤ ይህች ልጅ የቀዳችልኝ በልኩ ነው» ብሎ እንዲናገር ቢያዝዘው አላበዛበትም። ሾፌሩም ያፍራል፤ ይናገራል። ልጅቱ ትሰማዋለች፤ ሥራ ላይ ናትና ብዙ አትመልስለትም። «እሺ ጋሼ» ብላ ክዳኑን ትከፍታለች። ቧንቧው ሲዘጋ ቀና ብላ ታየዋለች፤ እርሱ ምንም አይልም፤ ቧንቧውን አውጥታ ትሰቅላለች። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል።